የሞተው በቅሎ ገጽ 140 ላይ ጨው ተጭኖ መጣ

ሰዎች፣ ዛሬ ሂርና ላይ ሃያ ሦስት ሰው ፊት የደረሰብኝን ጉድ ሌላ ሰው ቀድሞ ከሚያወራላችሁ እኔው ልንገራችሁ!

አዎ፣ ትናንት "የመጀመሪያው የአንባቢያን ውይይቴ!" ብዬ በሦስት ልብ ያስጌጥኩት ፖስት። ላይክ ላደረጋችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አሁን እዘኑልኝ።

ለማታውቁኝ፦ ጭሮ ነው የምኖረው፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ በተረፈኝ ሰዓት ፋንታሲ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ንግሥት አለች፣ አስማተኛ አለ፣ የሚናገር ተራራ አለ። አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሰፈር ውስጥ ስሜ "ያቺ ስለ ጂኒ የምትጽፈዋ" ነው። ለምጄዋለሁ።

ሂርና ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ሂሩት የምትባል ጓደኛ አለችኝ። "መጽሐፍሽን ያነበቡ ሰዎች አሉ፣ መጥተሽ አናግሪያቸው" አለችኝ።

ያነበቡ ሰዎች! ዘመዶቼ ያልሆኑ!

ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ መልስ ስለማመድ ነበር። "ሐሳቡ ከየት መጣልሽ?" ሲሉኝ ትንሽ ዝም ብዬ "ተራሮቹ ነገሩኝ" ልል። የምሬን ነው! አጠገቤ የተቀመጡት እናት ብቻዬን ሳወራ አይተው ዘንቢላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

ማንም ስለ ተራራ አልጠየቀኝም።

መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ሀጂ ኢብሮ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ነጭ ኮፍያ፣ በክር የታሰረ መነጽር። መጽሐፌ ጉልበታቸው ላይ ነው፣ በየገጹ መሀል ቁራጭ ወረቀት ተሰክቶበታል። ልቤ ቀለጠ። ምልክት እያደረገ የሚያነበኝ ሰው!

"ልጄ፣ ያ ቡላ የሚባለው በቅሎ ገጽ ሰማንያ ሁለት ላይ ገደል ገብቶ ሞተ።"

"አዎ" አልኩ፣ ሐዘንተኛ መስዬ። (እሱን ስጽፍ አልቅሻለሁ።)

"ገጽ መቶ አርባ ላይ ደግሞ ጨው ተጭኖ ቤተ መንግሥት ገባ።"

ሃያ ሦስት ሰው አንድ ላይ ገጽ መግለጥ ጀመረ። ያ የወረቀት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ እኮ! አራሚም አይቶታል!

አሁን "ይቅርታ፣ ስህተት ነው" ማለት ምን ያቅታል? ለናንተ ምንም። ለእኔ ግን አቃተኝ።

"እ... እሱ ምትሃት ነው" አልኩ።

በዚያ ብበቃ ጥሩ ነበር። አስማተኛው በድብቅ አስነሥቶት ነው፣ አስተዋይ አንባቢ ራሱ እንዲደርስበት ሆን ብዬ ነው የደበቅኩት... አፌ ብቻውን ይነጉዳል። ከኋላ አንዲት ልጅ ማስታወሻ ስትይዝ አየሁ። ጉዴ!

ሀጂ ኢብሮ አልሳቁም። ፊታቸው ጠቆረ። ወረቀት የተሰካበት ሌላ ገጽ ገለጡ።

"እንዲያ ከሆነ ንግሥቲቱን ለምን ዋሻት?"

ላላነበባችሁት፦ የንግሥቲቱ ልጅ ትሞታለች። እናትየው አስማተኛው እግር ላይ ወድቃ "አስነሣልኝ" ትለዋለች። እሱ ደግሞ "የሞተ አይመለስም፤ እኔም አልችልም" ይላታል። መጽሐፉ በሙሉ የቆመው በዚያች መልስ ላይ ነው።

"ለበቅሎ የቻለውን ለልጅ ከከለከላት ሰውየው ክፉ ነው" አሉ። "እኔ ደግ መስሎኝ ነበር።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጃቸው ፋጡማ ባለፈው ዓመት ታማ አርፋለች። ቤት መቀመጥ ሲከብዳቸው ቤተ መጻሕፍት እየመጡ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። አንድ ቀን ሂሩት የእኔን መጽሐፍ ሰጠቻቸው።

"የአላህን ውሳኔ ተቀብያለሁ" አሉ። "ግን ያቺ ንግሥት ስትለምን ራሴን አየሁት። ሰውየው እውነቱን ሲነግራት ልቤ አረፈ። ወላሂ፣ ያንን ገጽ ስንቴ አነበብኩት! አሁን አንቺ ዋሽቷታል ካልሽኝ..."

እኔ ደግሞ ቆሜያለሁ። እጄ ላይ ማይክ አለ። ለሃያ ሦስት ሰው ማይክ ለምን እንዳስፈለገ አላውቅም።

"ሀጂ፣ እሱ አልዋሸም" አልኩ። "የዋሸሁት እኔ ነኝ። ምትሃት የለበትም። በቅሎው መሞቱን ረስቼው ነው።"

"ረስተሽ?"

"ረስቼ።"

"አራት ዓመት ሙሉ ስትጽፊው ከርመሽ?"

"አዎ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ፣ ከልባቸው! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፣ ዓይናቸውንም ጠረጉ። ከሳቁ ይሁን ከሐዘኑ አልጠየቅኩም።

ማስታወሻ ስትይዝ የነበረችው ልጅ ግን ተናዳለች። "ታዲያ ልሰርዘው?" አለችኝ። ሰርዢው፣ እህቴ። ሰርዢው።

ሀጂ በወጣትነታቸው ከመሰላ እስከ ሂርና ቡና በበቅሎ ያመላልሱ ነበር ለካ! ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ አስቀምጠው ሲያርሙኝ ዋሉ። ሦስት ቀን ውሃ ያልጠጣ በቅሎ ንግሥት አይሸከምም። የተጫነ በቅሎ ዳገት ላይ አይጋልብም። ጭነት ከኋላ ወደ ፊት አይታሰርም። ተማሪ ሆኜ ጻፍኩ።

ልሰናበታቸው ስል እጄን ያዙኝ።

"ሁለተኛውን መጽሐፍ እየጻፍሽ ነው አሉ። ልጅቷ ትመለሳለች እንዴ?"

እንግዲህ ስሙኝ። ትመለሳለች። ጽፌ ጨርሼዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ገጽ፣ በነጭ ፈረስ፣ ከጭጋግ ውስጥ። በሕይወቴ እንዲህ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም።

ዓይናቸውን አየሁት። እንድትመለስ ፈልገው ይሁን እንዳትመለስ ፈርተው መለየት አልቻልኩም።

"አትመለስም" አልኩ።

"ኸይር" አሉ ቀስ ብለው። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቁትም። "እናትየዋስ? እሷ ምን ትሆናለች?"

"እሱን ገና አላወቅኩም።"

"እሱን ጻፊው።"

"አትመለስም" ያልኳቸው በዚያች ደቂቃ ውሸት ነበር፣ የቀኑ ሁለተኛው ውሸቴ። ማምሻውን ቤቴ ገብቼ ላፕቶፔን ከፍቼ እውነት አደረግኩት። ሠላሳ ስምንቱም ገጽ ጠፍቷል። ኮፒ አላስቀረሁም፣ ራሴን ስለማውቀው። አሁን ባዶ ገጽ ላይ አንዲት እናት ብቻዋን ቆማለች፣ ምን እንደማደርጋት አላውቅም።

ኢንቦክስ "ልጅቷን አስነሺልን" እያላችሁ የምትለምኑኝ ሁሉ፦ እሺ፣ ከእናንተ ሂርና ድረስ ሄዶ ሀጂ ኢብሮን የሚያስፈቅድልኝ ማነው?