ከጋሼ ፈቀቅ ኋላ ያለው ግድግዳ

በየቤቱ አንድ የሚያፈገፍግ ሰው አለ። እኛ ቤት የለም ካላችሁ ከበሩ ኋላ እዩ፤ እዚያ ቆሟል።

የእኛ ቤቱ የእህቴ ባል ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን “ጋሼ ፈቀቅ” ይላቸዋል። ስሙን አይወዱትም፤ አትበሉኝ ከማለት ግን አፈግፍገው ይኸው ጸደቀባቸው።

እኔ ትምህርቴን በጊዜ ነው ያቋረጥኩት፤ ቃል የምማረው ከሬዲዮና ከእህቴ ነው። በሬዲዮ የሚያፈገፍገው ጦር ነው። ለጦር ሲሆን ነገሩ ክብር አለው፤ “ስልታዊ” ይባልለታል። እህቴ ግን ቃሉን የምታውለው ለሁለት ብቻ ነው፤ ድልድይ ሲያይ ለሚያፈገፍግ አህያ እና ለባሏ። ከሁለቱ የምታዝነው ለአህያው ነው።

ጋሼ ፈቀቅ የዳቦ ቤት መኪና ሹፌር ናቸው። በጠባብ መንገድ ሌላ መኪና ፊት ለፊት ከመጣባቸው ወደ ኋላ የሚነዱት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ የእጅ ጋሪ ለማሳለፍ ብለው እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ወደ ኋላ ነድተው ዳቦው እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ለካስ ጋሪው የቆመ፣ ሽንኩርት የሚሸጥበት ነበር። የትም አይሄድም። የሥራ ባልደረቦቻቸው “ጋሼ ፈቀቅ ጡረታም የሚወጡት በኋላ ማርሽ ነው” ይላሉ።

ጥርሳቸውን ታመው ክሊኒክ የሄዱ ቀን ደግሞ “ግድ የለም፣ እናንተ እለፉ” ሲሉ ውለው ክሊኒኩ ተዘጋ። ጉንጫቸው እንዳበጠ ተመለሱ። እህቴ ምን አሉህ ብትላቸው፣ ሰው በዝቶ ነበር አሉ። የበዛውን ሰው አንድ በአንድ ያስገቡት ራሳቸው ናቸው። በቤተሰብ ፎቶዎቻችን ላይም ከሰው ትከሻ ኋላ አንድ ጆሮ ይታያል። ጋሼ ፈቀቅ ያ ናቸው።

ቤት ውስጥም ወንበራቸው ከጠረጴዛው ሲርቅ፣ ሲርቅ ግድግዳው ጋ ደርሶ ቆሟል። ጭንቅላታቸው የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ለቆ ክብ ምልክት ወጥቶበታል። እህቴ በየነገሩ ዞር እያለች “አንተስ ምን ትላለህ?” ትላቸዋለች። “እናንተ ታውቃላችሁ” ይላሉ። እሷም እኔን አየት አድርጋ፣ “እኔ ያገባሁት ግድግዳውን ነው” ትላለች።

ይሄ ሁሉ ያስቀኝ ነበር፣ ነገሩ እኔ ጋ እስኪደርስ። የምኖረው ከእነሱ ጋር ነው። የስፌት ማሽኔ ሳሎን ውስጥ፣ በቤቱ ካለችው አንዲት ደህና መስኮት ሥር ናት። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ያለዚያች መስኮት ክር በመርፌ ቀዳዳ አላሾልክም። ያለ ማሽኔ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ሥልጠናዋን ጨርሳ ልትመለስ ሆነ። አልጋ ያስፈልጋታል። እህቴ ሳሎኑን በእርምጃ ለካችና ማሽኑ ዕቃ ቤት ይግባ አለች። ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። አምፖል አለው፤ አምፖሉም ከጋሼ ፈቀቅ የተማረ ይመስል ገና ሲያበሩት ያፈገፍጋል።

አልጮህኩም። መጮህ የጉልበት ሥራ ነው። ብቻ ጋሼ ፈቀቅን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸውና፣ “ጋሼ፣ እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩልኝ ትሰማለች” አልኳቸው።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ከዚያ ሌላ። “እናንተ እህትማማቾች ናችሁ፤ ተነጋገሩ” ብለው በኋላ ማርሽ ወጡ።

ተስፋ ቆረጥኩ ማለት አይቻልም፤ የሚቆረጥ ነገር መጀመሪያም ከእሳቸው አልጠበቅኩም።

ቅዳሜ የጨረስኩትን የደንብ ልብስ ለደንበኛ አድርሼ፣ ማሽኔ ዕቃ ቤት ገብታ እንደማገኛት እያሰብኩ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት ማሽኔ መስኮቷ ሥር ናት። የልጅቷ አልጋ ግድግዳውን ተጠግቶ ተነጥፏል፤ ከትራሱ በላይ ያ ክብ ምልክት ይታያል። የጠፋው ወንበሩ ነው። እህቴ በአገጯ ወደ ዕቃ ቤቱ አመለከተችኝ። “ተው ብለውስ መቼ ቆሞ ይሰማኛል” አለች።

ጋሼ ፈቀቅ በጆንያና በአሮጌ ጎማ መካከል ሬዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

“ጋሼ፣ እዚህ ጨለማ ውስጥ ምን ይሠራሉ?”

“ሬዲዮ በጨለማም ይሰማል” አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን በሌላ ዓይን ነው የማየው። የእህቴ ቁም ሳጥን፣ የልጅቷ አልጋ፣ የእኔ ማሽን፤ ሁሉም የቆሙት ጋሼ ፈቀቅ በለቀቁት ቦታ ላይ ነው። ጦር ሲያፈገፍግ መሬቱን የሚይዘው ጠላት ነው። እሳቸው ሲያፈገፍጉ የያዝነው እኛ ነን።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ ወፈር ያለ የጀርባ ትራስ ሰፍቼ ወሰድኩላቸው። እንደለመዱት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና፣ “ግድ የለም፣ ለልጅቷ ስጪያት” አሉ።

“ጋሼ፣ ከኋላዎ ግድግዳ ነው። ከዚህ ወዲያ የት ሊሄዱ ነው?”

ዞር ብለው አዩ። በእጃቸውም ዳሰሱት። ከዚያ ትራሱን ተቀበሉኝ።