ስፒከሬን በላ ያልሁት ዓይን

ጎረቤቴ እትዬ አበበች መዝሙር የምንሰማበትን ስፒከር «ድምፁ ማማሩ!» ባሉበት ቀን ስፒከሩ ድዳ ሆነ። ያኔ ደነገጥሁ፤ ቡዳ ናቸው ብዬ ልጆቼን ከደጃቸው ከለከልሁ፤ ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ሰላም ሲሉኝም ፊቴን አዞርሁ። ዕቃ በተበላሸ ቁጥር ጎረቤቱን የሚጠረጥር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። በዚያው ዕለት የዋይፋዩን ራውተር መቀየራችንን ማን አስታውሶ!

ረቡዕ ትልቋ ልጄ ከባሕር ዳር መጣች።

«እማዬ፣ ስፒከሩ የድሮውን ዋይፋይ እየፈለገ እኮ ነው። የአዲሱን ፓስወርድ ማን ሰጠው?»

ስልኳን ነካ ነካ ስታደርግ መዝሙሩ ቀጠለ።

ባይምሩኝስ እያልሁ እትዬ አበበች ደጅ ቆምሁ።

«እትዬ፣ በክፉ ጠርጥሬዎት ነበር፤ ይማሩኝ።»

«ግቢ፣ አልበላሽም! ዛሬ ጾም ነው።»

ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ያቺ ሳምንት ትቆጨኛለች፤ ፍርሃቱ ግን ለቀቀኝ። ዳንሁ።