ሊቀ ሰዓታት እና ስድስቱ ዘጠኝ ሰዓቶች

ለየመሥሪያ ቤቱ ፈጣሪ አንድ አንድ ሰው መድቧል፤ ሌላው "እሺ" ብሎ የሚያልፈውን ሁሉ ቆሞ የሚመረምር። በእናንተም ቤት አለ። "እኛ ጋ የለም" ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰውዬው ራሳችሁ ናችሁ ማለት ነው።

ለእኛ የደረሱን ክቡርነታቸው ሊቀ ሰዓታት ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን። አንቱታውም ለማዕረጉ ነው፤ ሰውዬው ግን እኩያዬ ስለሆነ ከዚህ በኋላ "እሱ" እለዋለሁ።

ሥራችን የስልክና የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ወደ አማርኛ መመለስ ነው። እኔ እተረጉማለሁ፣ እሱ የተተረጎመውን ይፈትሻል። በተለይ ቀንና ሰዓት የነካው ነገር እሱ ሳያየው አያልፍም። ታዲያ ይህን ሰው ስንት ሰዓት እንደሆነ ብትጠይቁት መልስ አታገኙም። በመነጽሩ ላይ አሻግሮ ያያችሁና፣ "የማን ሰዓት?" ይላችኋል።

"የማን ይሆናል? የኔ ነዋ! ርቦኛል!"

"አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው።"

የሒሳብ ሠራተኛችን ልታገባ ስትል የጥሪ ካርድ አደለችን። ሁላችንም እልል ብለን ካርዱን ቦርሳችን ውስጥ ከተትን። እሱ ግን በቀይ እስክሪብቶ አክብቦ መለሰላት። "'አራት ሰዓት' ነው የሚለው። ጧት ነው ማታ? በእኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ?" ሙሽሪት መቼም ጨዋ ናት። "ወንድሜ፣ አንተ በመጣህበት ሰዓት ይጀመራል፤ ብቻ እስክሪብቶውን ቤት ትተኸው ና" አለችው።

ከሁሉ የሚብስበት ግን ምህጻረ ቃል ነው። ፈረንጆች የየአገሩን ሰዓት በሦስት በሦስት ፊደል ያሳጥሩታል፤ እኛ ደግሞ እነዚያን ፊደላት ምን እንደምናደርጋቸው ግራ ገብቶን ኖረናል። አንዱ ባልደረባችን "የምሥራቅ መደበኛ ሰዓት" የሚለውን "ም.መ.ሰ." ብሎ አሳጠረው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ደንበኛ እንዲህ ሲሉ ጻፉልን፦ "አቶ ም.መ.ሰ. የተባሉት ኃላፊ ያለ ፈቃዴ ቀጠሮዬን ስላዛወሩብኝ በስልክ እንዲያነጋግሩኝ እጠይቃለሁ።" በሳቅ ፈረስን። እሱ ብቻ አልሳቀም። "ምን ያስቃል? ሰውዬው ምን አጠፉ?" አለን።

ስብሰባ ተጠራ። የስብሰባውን ሰዓት "የማን?" ብሎ የጠየቀውን አልነግራችሁም። አለቃችን ደግ ሰው ናቸው፤ ብቻ ስብሰባ ሲረዝም ራሳቸውን ያማቸዋል።

"እንግዲያው አንተርጉማቸው" አሉ። "ፊደላቱ እንዳሉ ይቀመጡ።"

ሊቀ ሰዓታት ብድግ አለ። "እንዳሉማ ከተቀመጡ ባሰ! አይ ኤስ ቲ የምትባለዋን እንያት። ህንድ 'የኔ ናት' ትላለች፣ እስራኤል 'የኔ ናት' ትላለች፣ አየርላንድም 'የኔ ናት' ትላለች። ሦስቱም እውነታቸውን ነው! የከተማ ስም እንጻፍ ጌታዬ። ሰው የሚኖረው ከተማ ውስጥ ነው። ምህጻረ ቃል ውስጥ የሚኖር ሰው አይቼ አላውቅም።"

"ስክሪኑ ላይ ሰዓት የሚመረጥባት ቁልፍ ለከተማ ስም አትበቃም" አሉ አለቃችን።

"ቁልፏ ትስፋ!"

ቁልፏ አልሰፋችም። "ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ" ብሎ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ግን አልነበረም።

በዚህ መሃል እናቴ ዓይኗን ታመመች። ግራው ድሮ የጠፋ ነው፤ አሁን የቀራት ቀኙም ይጨልምባት ጀመር። የሰፈራችን ሐኪም ምርመራዋን አይተው፣ "ቀዶ ሕክምና ያድነው እንደሆነ የሚወስኑት በቪዲዮ የሚያማክሩ አንዲት ስፔሻሊስት ናቸው" አሉን። ሆስፒታሉ በየአገሩ ቅርንጫፍ አለው፤ ስፔሻሊስቷ ዛሬ እዚህ ናቸው፣ ነገ እዚያ። ወራት ጠበቅን። በመጨረሻ መልእክቱ እማዬ ስልክ ላይ መጣ፤ በአማርኛ፣ በእኛው መሥሪያ ቤት በተተረጎመ ፕሮግራም፦ "ቀጠሮዎ ነገ በ9 ሰዓት አይ ኤስ ቲ ነው። በሰዓቱ ካልተገኙ ይሰረዛል፤ እንደ አዲስ ወረፋ ይይዛሉ።"

እንደ አዲስ ወረፋ እስክንይዝ የእማዬ ዓይን አይጠብቅም። ይህን ሐኪሙ በግልጽ ነግረውናል።

ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። "ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው" አለኝና ሙዚቃ ከፈተልኝ። ሙዚቃው ማለቂያ አልነበረውም። ስልኩን ይዤ ወደ ሊቀ ሰዓታት ጠረጴዛ ሄድኩ። ዛሬስ አንጀቱ ይርሳል፣ "ብያችሁ ነበር" ይላል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ይበል! ብቻ ሰዓቱን ይንገረኝ።

አነበበው። መነጽሩን አወለቀ። ደግሞ አነበበው።

"አላውቅም" አለ።

ይህ ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። "ምን ማለት ነው አላውቅም? ያንተ ያለህ! አንተ ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው?"

"ማንም። ዘጠኙ የእኛ ዘጠኝ፣ የከሰዓት በኋላው ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ማሽኑ የፈረንጁን ዘጠኝ፣ እኛ ጧት ሦስት ሰዓት የምንለውን፣ እንዳለ ገልብጦት ይሆናል። ማታና ሌሊት ሐኪም ቀጠሮ አይሰጥም። ሦስት አገር፣ በሁለት አቆጣጠር። ስድስት ዘጠኝ ሰዓት አለ።" ስልኩን መለሰልኝና፣ "ቤታችሁ ሶፋ አለ?" አለኝ።

"አለ።"

"እንግዲያው ስድስቱንም እንጠብቃለን።"

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ሁለት ቻርጀርና አንድ ፌስታል ዳቦ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። እማዬ ድምፁን ሰምታ፣ "ይሄ ነው ያ ነዝናዛው?" አለችኝ፤ መንሾካሾኳ ነው እንግዲህ። "አዎ እማማ፣ እኔው ነኝ" አላት።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የሆስፒታሉ የቪዲዮ ቀጠሮ መጠበቂያ ገጽ በየጥቂት ደቂቃው "አሉ?" ብሎ ይጠይቃል። "አለሁ" የምትለዋን ቶሎ ካልነኩለት ያስወጣል። ሊቀ ሰዓታት ስልኩን ታቅፎ "አለሁ" ሲነካ ዋለ። የመጀመሪያዋ ዘጠኝ ሰዓት አለፈች፤ ማንም የለም።

"ቀረች?" አለች እማዬ።

"አልቀረችም እማማ። ያቺ የህንዷ ነበረች። አሁን የእስራኤሏ ትመጣለች።"

"ውይ፣ እነዚህ ሴቶች ስንት ናቸው?"

በመሃል ዓይኑ ግድግዳ ሰዓታችን ላይ አረፈ። "እማማ፣ ይሄ ሰዓት ይቀድማል።"

"አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ ያስቀደምኩት።"

"ለምን?"

"ደስ ስለሚለኝ።"

እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፣ ከዚያ ባዶውን ተመለሰ። ለእናቴ ሲል ነው። እኔ ብሆን ኖሮ እስክሪብቶውን ያወጣ ነበር።

አራተኛዋም ባዶዋን ስታልፍ ወደ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሰማኝ መሰለኝ፤ ከበሩ ወዲያ ሆኖ፣ "አይዞሽ፣ ገና ሁለት ዘጠኝ ሰዓት ይቀረናል" አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማጽናኛ ሰምቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ይህን ሰው እንደምወደው የገባኝ። እዚያው ቆሜ እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ።

አምስተኛዋም አለፈች። እንደገና ማድ ቤት ሳለሁ ከሳሎን "አለሁ" የምትነካው ጣት ጸጥ ስትልብኝ ሮጬ ወጣሁ፤ ሊቀ ሰዓታት ሶፋው ላይ ድብን ብሎ ተኝቷል። ስልኩን እማዬ ወስዳለታለች። "የቷ ጋ ነው የምነካው?" አለችኝ። ጣቷን ይዤ አሳየኋት። ስድስተኛዋን ራሷ ነክታ ጠበቀች።

የስልኩ ስክሪን በራ። ሐኪሟ ብቅ አሉ። እኔ መሃል ሆኜ ማስተርጎም ጀመርኩ።

"የዓይናቸውን የምርመራ ፎቶዎች አይቻቸዋለሁ" አሉ። "አሁን በቀኝ ዓይናቸው ከፊታቸው የሚታያቸውን ይንገሩኝ።"

እማዬ አንገቷን አስግጋ ብዙ አየች። "አንድ ረጅም ሰው ሶፋዬ ላይ ተዘርግቷል" አለች። "ፊቱ አይለይልኝም። እግሩ ከሶፋው ተርፏል። ካልሲው አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ነው።"

ዞሬ አየሁ፤ እውነቷን ነው። ተረጎምኩላቸው። ሐኪሟ ሳቁ፣ ጻፉ፣ ከዚያም ቀና ብለው በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ፦ ቶሎ ከተሠራ፣ ዓይኑ ይድናል።

"እማዬ!" ብዬ ጮህኩ።

እጇ አፌ ላይ አረፈ። የተባለውን ገና አልሰማችም፤ ክፉ ይሁን ደግ አላወቀችም።

"ቀስ በይ እንጂ!" አለችኝ። "ልጁ ተኝቷል። ከንጋት ጀምሮ አላረፈም።"

ተጠጋኋትና በጆሮዋ ነገርኳት።