ጌጁን የማየው እኔ ነበርኩ

የበደለኝ የባሌ ታላቅ ወንድም አድማሱ ነው። እዚህ እስራኤል አገር በገባን በሁለተኛው ዓመት።

ፊት ለፊት ሳገኘው "ጋሼ፣ እርስዎ" እለዋለሁ። ፌስቡክ ላይ ግን አድማሱ ይበቃዋል!

መንጃ ፈቃድ ላወጣ ተመዝግቤ ነበር። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት፣ "እሷ? ፍሬኑን ከነዳጁ ትለያለች?" አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ባሌ ባየም ሳቀ።

ምዝገባውን ተውኩት። ሳቁን ግን አልተውኩትም። እናንተስ ትተዉት ነበር?

እንግዲህ የዛሬውን ውርደቴን ስሙ።

ባየ አሮጌ የናፍጣ ጭነት መኪና አለው፤ የምንተዳደረው በእሱ ነው። ከሮሽ ሃዓይን ብሎኬት ጭኖ ኢየሩሳሌም ያወጣል። ባለፈው ወር አድማሱ አንዲት ትንሽ ሳጥን አምጥቶ ሞተሩ ላይ ገጠመ። ቺፕ ይሏታል፤ ጉልበት ትጨምራለች። እውነትም ጨመረች! ያ ሽማግሌ መኪና ዳገቱን እንደ ጎረምሳ ይወጣው ጀመር።

ጉልበቱ ግን ሙቀት አለው። ስለዚህ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ አብሮ ገጠመና ሰባት መቶ ዲግሪ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈ። "ከዚህ ካለፈ እግርህን ከነዳጁ አንሳ" አለው ባየን።

ጌጁ የተሰቀለው በእኔ በኩል ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አብሬው እሄዳለሁ።

"አንቺ እሱን እይልኝ፣ እኔ መንገዱን ልይ" አለኝ ባየ።

አየሁለት! ደብተር ገዝቼ ዳገት በወጣን ቁጥር ጻፍኩ። ማንም እንዳያነብብኝ በግዕዝ ቁጥር ጻፍኩ። እኔ ጎንደር ተማሪ ቤት ነው የተማርኩት፤ ባየ ቁጥር የለየው እዚህ ዕብራይስጥ ሲማር ነው።

መጀመሪያ ፮፻፶። ከዚያ ፯፻፳፣ ቀዩን አለፈ። ከዚያ ፯፻፹!

"እንዴት ነው?" ይለኛል ባየ።

"በሰደር" እለዋለሁ፤ ደህና ነው ማለቴ ነው።

ለምን አትሉኝም? በሚቀጥለው ሳምንት የእህታቸው ልጅ ሰርግ አለ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ይመጣሉ። በእነሱ ፊት ደብተሬን አውጥቼ፣ "ጋሼ፣ የእርስዎ ሳጥን ሞተሩን እየቀቀለው ነው። ይህን ያወቀችው ፍሬኑን ከነዳጁ የማትለየዋ ናት" ልል ነበር። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ንግግር!

ሞተሩ ሰርጉን አልጠበቀም። ትናንት ዳገቱ መሃል ነጭ ጭስ ተፋና ቆመ።

ዛሬ መኪናውን አስጎትተን ኪርያት አርዬ ሰፈር ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ከፍቶ አየና ፒስተኑ ቀልጧል አለ። አድማሱም መጥቷል። ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ሳጥኑ ምንም የለበትም። ችግሩ ሹፌሩ ነው።"

ቀኔ ደረሰ! ደብተሬን መዘዝኩ።

"ማ ዜ?" አለ መካኒኩ፣ ምንድን ነው ይሄ ጽሑፍ? በዕብራይስጥ፣ ጮክ ብዬ፣ ቀን በቀን አነበብኩለት። አድማሱ አንገቱን ደፋ። ወይ ደስታዬ!

አንድ ደቂቃ ቆየ፣ ደስታው።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። "እመቤት፣ ይሄን ሁሉ እያየሽ ለሹፌሩ አልነገርሽውም?"

አድማሱ ቀና አለ። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ባየ ደብተሩን ከእጄ ወሰደ። ሊያነበው የማይችለውን ገጽ ብዙ ጊዜ አየው።

"በሰደር ስትይኝ ነበር" አለ። ደብተሩን መለሰልኝ።

ፍሬኑን ከነዳጁ እለያለሁ። ያልለየሁት ባሌን ከወንድሙ ነው። ወይስ ያን ቀን ባየም ስለሳቀ ነው? እሱን አትጠይቁኝ።

ለብቻዬ በአውቶቡስ ተመለስኩ። አዲስ ደብተር ገዛሁ። ሁሉንም ባየ በሚያነበው ቁጥር ገለበጥኩ። እሱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ለሙሽራዋ እናት ደውዬ ሰርጉ ላይ እንደማልመጣ ነገርኳት።