የሲ ሙፈደል ወንበር

ያልረገጠውን አገር ከሚኖሩበት በላይ የሚያውቅ ሰው በየከተማው አይታጣም። የሞሮኮዋ ቴቱዋን ድርሻዋን የተቀበለችው በመምህር ሙፈደል ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ሲ ሙፈደል» እያለ አክብሮ የሚጠራቸው እኚህ ሰው የሁለተኛ ዓመት ስፓኒሽ ለሃያ ስምንት ዓመት አስተምረዋል። ከባሕሩ ማዶ ያለችውን የስፔን ከተማ ማላጋን ግን አንድም ቀን አላዩዋትም።

ይህ እሳቸውን አይከለክላቸውም። መንገድ ስለ መጠየቅ የሚያስተምረው ምዕራፍ አራት በደረሰ ቁጥር፣ ግድግዳው ከኅዳር እስከ መጋቢት ርጥበት በሚያዥበት ክፍል ውስጥ የማላጋን ጎዳናዎች በጠመኔ ይዘረጓቸዋል። ባቡር ጣቢያ፣ አደባባይ፣ ጥጉ ላይ ፋርማሲ። የክፍሉ ጎበዝ ጊዝላን ያን ፋርማሲ ከሰፈሯ ዳቦ ቤት የበለጠ ታውቀዋለች።

«ኡስታዝ፣» አለ አንድ ቀን ዙሄይር ከኋላ ወንበር፣ «አጎቴ ከማላጋ መጥቶ ነበር። ፋርማሲው ተዘግቶ ስልክ ይሸጥበታል አለ።»

«አጎትህ ከጣቢያው ሲወጣ በየት ታጠፈ?»

«በግራ መሰለኝ።»

«በቃ፣ ጠፍቶ ነበር። ሰላም በልልኝ።»

አሮጌው ገበያ ውስጥ መንገድ የጠፋባቸው ስፔናውያን ባልና ሚስት ጠይቀዋቸው ነበር። ሲ ሙፈደል ጥያቄውን ከነ«እባክዎ»ው በሙሉ ዓረፍተ ነገር ካላስደገሙ መንገዱን አላሳዩም። ባልየው ሁለት ጊዜ ደገመ ይባላል።

በክፍላቸው ሕጉ አንድ ነው፤ «ያወቀ ይቀመጣል፣ ያላወቀ ይቆማል።» የዙሄይር ቁመት የረዘመው በዚህ ሕግ ነው ይላሉ ጓደኞቹ። ሲ ሙፈደል ራሳቸው ግን በክፍል ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። ወንበራቸው የኮታቸው ማረፊያ ነው።

ማላጋ ውስጥ ልጃቸው ራቢዓ አለች። የመኖሪያ ወረቀቷ ስላልተስተካከለ ከሄደች ስድስት ዓመት ሙሉ መመለስ አልቻለችም፤ ዘንድሮ ደግሞ ወልዳለች። ሲ ሙፈደል በጥር ቪዛ ጠየቁ፤ ለክፍሉም በኩራት ተናገሩ።

«መልሱ ሲመጣ እዚሁ ከፍተን እናነበዋለን። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የማይገባው ቃል አይኖርበትም። ፋርማሲውንም አይቼ ለዙሄይር አጎት እነግረዋለሁ።»

በመጋቢት፣ ዝናብ ባላባራበት አንድ ማክሰኞ፣ ከቆንስላው የተሰጣቸውን ፖስታ እንደታሸገ ይዘው ገቡ። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። በተማሪዎቹ ፊት ቀደዱት፤ ሳያዩት ለጊዝላን ሰጧት።

«አንብቢ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።»

አነበበች። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፅዋ ወረደ፤ እንደምንም እስከ ማኅተሙ ጨረሰችው። ደብዳቤው አጭርና ጨዋ ነበር፤ እንዳሉትም የማይገባ ቃል አልነበረበትም።

«ምን ይላል?» አሉ ሲ ሙፈደል፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

ጊዝላን ወረቀቱን አየች፤ ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ የሳሳውን የአንገታቸውን ጀርባ አየች።

«አላወቅሁትም፣ ኡስታዝ፣» አለችና ቆመች። በዓመቱ ውስጥ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው።

«ዙሄይር፣ አንተስ?»

ዙሄይር ቀድሞ ቆሟል። «እኔ መቼ አውቄ አውቃለሁ፣ ኡስታዝ።»

ወንበሮች ተንቋቁ። ከፊት እስከ ኋላ፣ አንድ በአንድ፣ ሠላሳ ስድስቱም ቆሙ።

ሲ ሙፈደል ዞረው ሁሉንም አንድ በአንድ አዩዋቸው። ደብዳቤውን ከጊዝላን እጅ ተቀብለው በአራት አጠፉት። ከዚያ ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱና ቀስ ብለው ተቀመጡ።