ሊቀመንበሩ ለአዝማሪው የሰጡት ግጥም

ይህን ነገር በማንሳቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወሬ የሚያመላልስ ሰው አልወድም። የቀበሌ ጸሐፊ የነበረ ሰው የቢሮ ምስጢር ሲያወጣ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስቀይማል። እኔ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ያለ አንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበርሁ። የምጽፈው የተባለውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የተናጋሪው ነው።

አያ ፈረደ የሚባል አዝማሪ ነበር። ሰውየው የኖረበት አገር ሁሉ ዘፈኑ ውስጥ ይቀራል። ተወልዶ ያደገው ማክሰኝት ነው፤ ከዚያ ያመጣው ዜማ ሠርግ ሠርግ፣ በቅሎ በቅሎ ይሸታል። ዘጌ ሦስት ዓመት ቢቀመጥ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ለመደ፤ ገዳም አጠገብ ማን ይጮሃል? እኛ ዘንድ ሲመጣ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ዘፈኑን ከመሀል ማቋረጥ ተማረ። ምን ያድርግ፣ አድማጩ ሁሉ ተነስቶ ወደ ሥራ ይሄዳላ።

አንድ ቀን ቢሮ መጣ። ማክሰኝት ያለች ልጁን ሊድር ነው፤ ጾም ሳይገባ መድረስ አለበት። ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ ማለፍ የለም። ወረቀቱን የሚፈርሙት የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር ናቸው። እሳቸው የድሃ ገበሬ ልጅ ነበሩ። ማለቴ፣ በየስብሰባው እንደዚያ ይሉን ነበር። የት አገር እንደተወለዱ ግን አንድም ቀን አልነገሩንም።

“እሑድ ስብሰባው ላይ ዝፈንና እንይህ” አሉት። “ንቃትህ ከተመሰከረ እፈርማለሁ። ግለሰብ እንዳታወድስ ብቻ። እሱ የፊውዳል ልማድ ነው።”

“ኧረ ጌታዬ፣ ማንን አወድሳለሁ?”

“ጌታዬ አትበለኝ።”

“እሺ ጌታዬ።”

እሑድ አዳራሹ ሞላ። አያ ፈረደ ማሲንቆውን ቃኝቶ ስለ ትራክተር ዘፈነ። ትራክተር ቀርቦ አይቶ አያውቅም፤ ዘፈኑም አልነሳ አለ። ስለ ምርት ዘመቻ ዘፈነ። ሰው አዛጋ። ሊቀመንበሩ ፊታቸውን አጠቆሩ። ወረቀቱ ሊቀር ነው፤ ልጅቱ አባቷ በሌለበት ልትዳር ነው። ጨነቀው። ሲጨንቀው የማክሰኝትን ዜማ አመጣው።

እዚህ ላይ ሰው አይፍረድ። ያደጉበት ዜማ ሳያስፈቅድ ነው የሚገባው። የሊቀመንበሩ ትከሻ ነካ ነካ አለ። ከወንበራቸው ተነሱ። እጃቸውን ዘርግተው “ተቀበል” አሉ።

“አባቴ በበቅሎ ሲወጣ ከቤቱ፣
አርባ ጭሰኛ ነው የሚሰግድ ከፊቱ።”

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ድሃው ገበሬ ይህን ሁሉ ጭሰኛ ከየት አመጣው?

አዝማሪ “ተቀበል” ተብሎ የተሰጠውን ግጥም መልሶ ማዜም ግዴታው ነው። ቢያዜም ባላባት አወደሰ ይባልና ወረቀቱ ይቀራል። ባያዜም አዝማሪነቱ ይቀራል። አያ ፈረደ ሊቀመንበሩን አየት አደረገና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ አዜመው። ሦስት ጊዜ። የዘጌውን ዝቅ ያለ ድምፅ ፈጽሞ ረስቶት ነበር።

እኔም ሥራዬ ነውና ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍሁ፦ “ጓድ ሊቀመንበር ስለ አባታቸው ጭሰኞች ማብራሪያ ሰጥተዋል። አዝማሪው ሐሳቡን ደግፏል።”

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ማልደው ገቡ። ያቺን ገጽ ገንጥለው ኪሳቸው ከተቱ። “የዚያን ሰውዬ ይለፍ አምጣ” አሉኝ።

“እስከ የት ልበል?” አልሁ።

“እስከፈለገበት።”

“የመመለሻው ቀንስ?”

“ባዶውን ተወው።”

ፈረሙ፤ ማኅተሙንም ራሳቸው መቱ። አያ ፈረደ ደርሶ ልጁን ዳረ። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ አዝማሪ ግን አንድ ቦታ ይቀመጣል? ከማክሰኝት ጎንደር፣ ከጎንደር ወረታ እያለ ዞረ። የኖረበት አገር ሁሉ ዘፈኑ ውስጥ ይቀራል ብያችሁ የለ? የእኛም ቀበሌ ሁለት መስመር ደርሷት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ከሊቀመንበሩ ጋር ለሥራ ወደ ዘጌ ስንሻገር፣ ጀልባ ነጂው ያችኑ ግጥም ያንጎራጉራል። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና “የማን አባት ነው?” አሉት።

“የአንድ የባሕር ዳር ሊቀመንበር አባት ነው አሉ። ጓድ ያውቁታል?”

ሊቀመንበሩ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ።

“በዝና” አሉ።

እንግዲህ አዝማሪ የተሰጠውን መድገም ግዴታው ነው። እናንተ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለባችሁም። አደራ፣ ከእኔ የሰማችሁትን ለማንም አትድገሙ።