አያ ሰማውና የጫጩቶቹ ዝምታ

ያለ ተጠራጣሪ ሰፈር አይኖርም። አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካል፤ ወንበሩ አንድ ቀን እንኳ ባዶ አያድርም። በቢቸና ገበያ ዳር ይህን ወንበር የያዙት የጥርጣሬ ሊቀ ሊቃውንት አያ ሰማው ናቸው።

“እኔ ምንም አልልም” ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ሁሉንም ይላሉ። ማሳረጊያው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር!”

ጤፍ ሲገዙ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ጆንያው ውስጥ ሰድደው ከሥር ያለውን ይዘግናሉ። በሞጣ መኪና ላይ ረዳቱ “አንድ ሰው ብቻ ቀረን!” ሲል ወርደው በመስኮት ወንበሩን ይቆጥራሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ አንዱን ጫማ በሰሜን በር፣ ሌላውን በደቡብ በር ያወልቃሉ፤ አንድ እግር ጫማ ብቻ የሚሰርቅ የለምና። ቄሱ “አያ ሰማው፣ በእግዜር ቤት?” ቢሏቸው፣ “እግዜርንማ አምናለሁ አባቴ፤ የማላምነው አብረውኝ የሚሳለሙትን ነው” አሉ።

ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ እሳቸው በሣር ክዳናቸው ጸኑ። “ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው የሌባ ኮቴ ይደብቃል” ይላሉ። በራቸው ሦስት ቁልፍ አለው። ወደ ውስጥ የዘለቀ ሰው የለም፤ ሰፈሩም በበኩሉ እዚያ ውስጥ ወርቅ ተቀብሯል ብሎ ይጠረጥራል።

ታዲያ በአጥር የምትዋሰናቸው ባሏ የሞተባት ካሰች ናት። ካሰች የሞጣ ልጅ ናት። በሚያዝያ መጨረሻ ከዚያው ከሞጣ በካርቶን ሙሉ ጫጩት ይዛ መጣች። ኑሮዋን በእነሱ ልታቆም አስባለች፤ ከመጀመሪያው የዕንቁላል ሽያጭ ደግሞ ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተስላለች። አያ ሰማው ወዲያው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

“እናታቸው የት አለች?”

“በማሽን ነው የተፈለፈሉት፣ አያ ሰማው።”

“እናቱን የማያውቅ ፍጥረት! እኔ ምንም አልልም። ሻጩስ ምን ብሎ መከረሽ?”

“ሙቀት እንዳታጓድይባቸው አለኝ።”

“ቤትሽ ቆርቆሮ መሆኑን ጠየቀሽ?”

“ኧረ አልጠየቀኝም።”

“ሳይጠይቅ የሚመክርን ጠርጥሪ!”

ከዚያ በኋላ በየዕለቱ እየመጡ ካርቶኑ አጠገብ ቁጢጥ ይሉና ጫጩቶቹን እንደ ወንጀለኛ ያፈጡባቸዋል። አንድም ቀን “ይደጉ፣ ማርያም ታሳድጋቸው” አላሉም። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ከጎረቤት ይጋባል። ‘ዓይናቸው ክፉ ይሆን?’ አለች ካሰች በልቧ። ስለዚህ ከቤት ስትወጣ ካርቶኑን በጋቢ መሸፈን፣ መስኮቱንም መከርቸም ያዘች።

በግንቦት አንድ ቀትር፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን በምታንጣጣበት ሰዓት፣ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ አያ ሰማው በሯን በከዘራ ሲደበድቡ ደረሰች።

“ክፈቺ! ጫጩቶቹ ዝም ብለዋል!”

“ተኝተው ይሆናላ።”

“ጫጩት ሁሉ ባንድ ልብ አይተኛም። ይኸ ዝምታ ደግ አይደለም፤ ክፈቺ እልሻለሁ!”

በሩ ሲከፈት እንደ ምድጃ ያለ ወላፈን ፊቷን ገረፋት። ጋቢውን ገፈፈችው። ጫጩቶቹ ምንቃራቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ። ጥቂቶቹ ተዘርረዋል።

“ዓይን በላብኝ! ጊዮርጊስ ድረስ!” ብላ ጮኸች፤ ስትጮህም የምታየው እሳቸውን ነበር።

አያ ሰማው ጣሪያውን አዩ፤ መስኮቱን አዩ፤ ጋቢውን በከዘራቸው አነሡት። “ዓይን ጋቢ አያለብስም። ማን ነው ያለበሳቸው?”

ካሰች መሬት መሬት አየች። “እኔ ነኝ። ከ… ከእርስዎ ዓይን ልሸሽጋቸው ብዬ።”

ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። የአያ ሰማው ፊት ግን እንደ ፋሲካ ጧት በራ።

“እኔን ጠረጠርሽኝ?”

“ይቅር ይበሉኝ።”

“ደግ አደረግሽ! ጠርጥሪ፤ ግን መስኮት ከፍተሽ ጠርጥሪ።”

ይህን ብለው ካርቶኑን አቅፈው ወደ ቤታቸው ሮጡ። ሦስቱን ቁልፍ ፈቱ። ካሰች ተከትላ ገባች። ከሣሩ ክዳን በታች እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛል። ጫጩቶቹን እርጥብ ባልሆነ መሬት ላይ በትነው፣ በዝርግ ሳህን ውኃ አቀረቡላቸው፤ ሰምጠው እንዳይሞቱ መካከሉ ላይ ጠጠር ጨመሩበት። ካሰች ጊዮርጊስን እየተማጸነች ቤቱን ቃኘች። ወርቅ የለም። አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ በማኅደሩ የተንጠለጠለ ዳዊት፣ ከበሩ ሥር ደግሞ ከነፕላስቲኩ ያለ አዲስ በርጩማ።

“ይኸስ?”

“ለእንግዳ ነው።”

“እንግዳ ይመጣል እንዴ?”

“ይመጣል ብዬ እጠረጥራለሁ” አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ሳህኑ አዙረው።

ሲመሻሽ አንዱ ጫጩት “ጪው” አለ። ሌላው ተቀበለው። ሦስቱ ብቻ ሳይነሡ ቀሩ፤ የተረፉት ክረምቱ እስኪገባ ቀኑን በሣር ቤት እየዋሉ አደጉ።

ዛሬ ጃንጥላው ጊዮርጊስ ደጅ ገብቷል። ካሰች የመጀመሪያውን ዕንቁላል ለአያ ሰማው ብትወስድላቸው፣ ጆሯቸው ላይ ነቅንቀው፣ በፀሐይ አሻግረው አይተው ነው የተቀበሏት።

ባለፈው አንድ ጧት ግን አጥሩ ላይ ብቅ ሳይሉ ቀሩ። ካሰች ጥሬ ስትበትን ቆይታ ዝምታው አላስቀምጥ አላት። ሄዳ በሩን አንኳኳች።

“ማነው?”

“ካሰች ነኝ።”

“ምን ፈለግሽ?”

“ዝም ሲሉብኝ ጠርጥሬ ነው የመጣሁ።”

ከውስጥ ረዥም ሳል ተሰማ። ከዚያ ቁልፎቹ፣ ሦስቱም፣ አንድ በአንድ ተከፈቱ። በርጩማው ፕላስቲኩ ተገፍፎ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጧል።